የአባ ፊሽካ ደመወዝ

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለልጅ ልጄ፣ ቁመቷ ከእኔ በልጦም እንኳ ሚጢጢ ማለቴን ላልተውኩላት፤

ጤናሽ፣ እንቅልፍሽና ኪስሽ ሦስቱም ደህና እንዲሆኑልሽ እመኛለሁ፤ ቅደም ተከተሉን አንቺ አስተካክዪው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። እናትሽም ጤነኛ ናት። በየእሑዱ ስትደውዪ ግን ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር አጣብቃ ስለምትቀመጥ፣ በላሽ ወይ ጠጣሽ ወይ ከማለት ያለፈ ነገር ልጠይቅሽ አልቻልኩም። በስልክ ልጻፍልሽ ብልም ስልኬ ውስጥ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሰው ተሰልፏል፤ አንቺን መሃል ባስገባሽ ተራ ጣሰ ይሉኛል። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ።

ስለነዚህ ሰዎች ልንገርሽ፤ ያሸከምሽኝ አንቺ ነሽና። የዛሬ ሁለት ዓመት ጡረታ ወጥቼ ግድግዳ ስቆጥር አይተሽኝ፣ “አባባ፣ አውቶቡስ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ተራ አስከብረዋል፤ የኛንም ግሩፕ ተራ ያስከብሩልን” አልሽኝ። ሥራው ቀላል ነው ብለሽኝ ነበር። መሥሪያ ቤትሽ የሚሸጠውን በኢንተርኔት ብቻ ያለ ገንዘብ፣ ክሪፕቶ ኮይን የሚሉትን፣ የገዙትና ሊገዙ የሚያስቡት ሰዎች ግሩፑ ውስጥ ይጠያየቃሉ፤ የተሳደበውን መሰረዝ፤ “አንድ ላክልኝ ሁለት አድርጌ እመልሳለሁ” የሚለውን ሌባ ማባረር፤ አለቀ። ስሜን ጠይቀውኝ “አባ ፊሽካ” ብዬ ጻፍኩ። ፊሽካዬ ጡረታ ስወጣ ተመላሽ ተደርጓል፤ ስሙን ግን ማንም አላስመለሰኝም።

የምሠራው ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነው። ሦስተኛው ወንበር ማንሻው ተሰብሮ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ማንም አይቀመጥበትም፤ ሶኬቱ ግን እሱ ጋ ነው። እዚያ ተዘፍዝፌ ከመስታወቱ ፊት ሌባ ስጠብቅ አዲስ ደንበኛ የመጣ እንደሆነ “አባቴ ይቅደሙ” ይለኛል። ፀጉር አስተካካዩ፣ “እሳቸው የሚላጩት የሰው ፀጉር ነው፣ በስልክ” ይላል። ጠዋት ጠዋት ተራውን የምትይዘው ሌላዋ አድሚን፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። እሷ ሰው የምታግደው መርፌ እንደምትወጋው ነው፤ ሳታስነግር። እኔ ሌባውን ጠጋ ብዬ አወራዋለሁ፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደቸገረው፣ ሰው ሲዘርፍ እናቱ ምን እንደምትል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ያለ ክፍያ ለምንሠራው ሁሉ ደመወዝ ሊታሰብልን ነው፣ ያውም በዚያው በኮይኑ፣ የሚል ወሬ ይናፈሳል። እኔ ከሥራ የወጣሁት በሥርዓት ነው፤ ንግግር ተደርጎልኛል። በሰባ አራት ዓመቴ እንደገና ልትቀጥሩኝ ከሆነ ለተናጋሪው ሰውዬ ይቅርታ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው። እውነት ነው ወይስ የአድሚኖች ምኞት?

የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረጅም ገመድ ያለው ቻርጀር። የአሁኑ አጭር ስለሆነ ከሶኬቱ ሥር መንቀሳቀስ አልቻልኩም። በየወሩ የምትልኪው ገንዘብ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ደርሷል። እናትሽ ምንም አላለችም፤ የቀን መቁጠሪያው ላይ በእርሳስ ነጥብ ስታደርግ ግን አይቻለሁ። እንደ ዜና ነው የነገርኩሽ።

አያትሽ

ጥቅምት 27 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አያቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ስለ እናንተ ደህንነት እያሰብኩ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። ፖስታው ውስጥ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር ነበረበት፤ የት ቁጭ ብለው እንደጻፉት ሳይነግሩኝም አውቄዋለሁ።

ወሬው እውነት ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ ለፈቃደኛ አድሚኖች ሁሉ ሊከፈል ተወስኗል። አሠራሩ በነጥብ ነው። አንድ መልእክት የሰረዘ ሁለት ነጥብ፣ አንድ ሰው ያገደ አምስት፣ ጥያቄ የመለሰ አንድ ያገኛል። በወሩ መጨረሻ ነጥቡ ተደምሮ በኮይን ይሰላል። ኮይኑ ስልካችሁ ላይ ባለው ዋሌት፣ ማለትም የኮይን ቦርሳ፣ ውስጥ ይገባል፤ ለአንድ ዓመት ግን ተቆልፎ ይቆያል፤ መሸጥ አይቻልም። ከዚያ በፊት በስልካችሁ የሚላክላችሁን ስምምነት መቀበል ያስፈልጋል። ሰባተኛው አንቀጽ ተከፋዩ ስለ ክፍያው ግሩፑ ውስጥ እንዳይናገር ይከለክላል። አለቃዬ እንዳለው፣ ሰው ይህን ከሰማ ሁሉም አድሚን ካልሆንኩ ይላል።

አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለእማዬ ግን አያንብቡላት። ስድስት ቋንቋ ውስጥ ያሉትን ፈቃደኞች የምይዘው እኔ ነኝ። አምስቱ ፈርመዋል። የቀረው የእኛ ነው፤ ስምንታችሁም አልፈረማችሁም፤ ሁሉም “አባ ፊሽካ ምን አሉ?” ይላሉ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልተፈረመ የእኔ የሥራ መደብ ይታጠፋል ተብያለሁ። እዚህ የመኖሪያ ፈቃዴ የተሰጠው በዚህ ሥራ ነው። ሥራው ከተወሰደ በስልሳ ቀን ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ማግኘት ወይም መውጣት አለብኝ። እርስዎ ቀድመው ቢፈርሙ ሌሎቹ ይከተላሉ።

እርስዎን ያስገባሁዎት እኔ መሆኔ አይታወቅም፤ አያቴ እንደሆኑ ማንም አያውቅም። እንዲያ ሆኖ ቢቀጥል ይሻላል።

ቻርጀሩን ልኬያለሁ፤ ሁለት ሜትር ነው። የገንዘቡ መዘግየት በባንክ ምክንያት ነው።

አክባሪ ልጅዎ

ኅዳር 17 ቀን

ይድረስ ለቀጣሪዬ፤

አንቺን እንዴት ብዬ ሰላም እንደምል ግራ ገብቶኛል። አለቃ ስለሆንሽብኝ እጅ ነሥቻለሁ፤ የልጅ ልጅ ስለሆንሽ ደግሞ ግንባርሽን ስሜያለሁ። ቀሪውን አንቺ አከፋፍዪው።

ፈርሜያለሁ። ፊርማ የሚሉት ግን አንዲት አረንጓዴ ነገር በአውራ ጣት መንካት ነው፤ ቀለም የለ፣ ማኅተም የለ፣ ምስክር የለ። በጣቢያው ዘመን አንዲት መጥረጊያ ለመረከብ እንኳ ሦስት ቦታ እፈርም ነበር። ነርሷም ነካች። ስድስቱም እኔን አይተው ነክተዋል። እንዳልሽው ሆኗል፤ ሥራሽን ጠብቂ።

አሁን ስለ ነጥብ ላጫውትሽ፤ ያስቃል። ነርሷ በመጀመሪያው ሳምንት መቶ ሰማንያ ነጥብ አገኘች። እኔ አሥራ አንድ። ምን ብሠራ ይመስልሻል? አንድ ልጅ ሌላ ሰው መስሎ መጥቶ “የሚስጥር ቃላችሁን ላኩልኝና ሽልማት ልስጣችሁ” ማለት ጀመረ። በውስጥ መስመር ጠራሁት። ሁለት ሰዓት አወራን። የቤት ኪራይ እንደቸገረው ነገረኝ፤ እኔም የጉልበቴን ነገር ነገርኩት። በመጨረሻ “በቃ አባት፣ እዚህ ግሩፕ አልመጣም” ብሎ በገዛ እግሩ ወጣ። ይህ ስንት ነጥብ ያወጣል? ምንም። ዘርፎ ቢሆን ኖሮና ከዘረፈ በኋላ ባባርረው አምስት ነበረኝ። ነርሷን ባማክራት፣ “ቀስ ብለህ ካከምካቸው በሽተኛው ያልቅብሃል” አለችኝ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እሷ “እንደምን አደራችሁ” የሚለውን ሁሉ ቦታ አጣበበ እያለች ትሰርዛለች። ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ።

ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ አይቶኝ፣ “አባ፣ እነዚህ ሰዎች ምንም አይሰጡዎትም እንዴ፣ ቀኑን ሙሉ?” አለኝ። “ወንበር ይሰጡኛል” ብዬ በቀልድ አለፍኩት። ሰባተኛውን አንቀጽ አከበርኩ ማለት ነው። ቀልዴን ሰምቶ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምላጭ የያዘ ሰው ሲያምንሽ ደስ አይልም።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከቀጠርሽኝ ዘንድ ባልደረባሽ ነኝና አትቀየሚኝ። እኔ የሚከፈለኝ በኮይን ነው። አንቺስ የሚከፈልሽ በምንድን ነው?

ተቀጣሪሽ

ታኅሣሥ 11 ቀን

ለምወድዎት አያቴ፤

በጤና ይኑሩልኝ። እድሜዎን ያርዝምልኝ።

ስለፈረሙልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አለቃዬ ተደስቷል፤ በስብሰባ ላይ የእኛን ግሩፕ በምሳሌነት አንስቶታል። መደቤ ለጊዜው አልተነካም። ነርሷ ሰላምታ እንዳትሰርዝ አንድ ማሳሰቢያ እልካለሁ።

ሥራ በዝቶብኝ ነው ያሳጠርኩት። እማዬ የዓይን ሐኪም ቀጠሮዋን ወደሚቀጥለው ወር ብታዛውረው ይሻላል። የዚህን ወር ገንዘብ ለጊዜው ይለፉኝ።

ልጅዎ

ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለሚጢጢ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በዚህኛው ደብዳቤ ቀልድ ብታገኚ በስህተት የገባ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ሊያሰፋ ጎን ያለውን ክፍል ለመያዝ ገንዘብ ሲያጠራቅም እንደኖረ ታውቂያለሽ። ባለፈው ወር መጨረሻ ግማሹን ኮይን ገዛበት። በነጋው ጠዋት የቀረውን ሊያስገባ እንደሆነም ግሩፑ ውስጥ ጻፈ። አንዱ “አትፈራም?” ሲለው ምን ብሎ መለሰ? “አባ ፊሽካን በየቀኑ አያቸዋለሁ፤ ሳይከፈላቸው ሁለት ዓመት የሚጠብቁት ነገር ውሸት ቢሆን ለምን ብለው?” ብሎ መለሰ። እሱ ይህን የጻፈው ከኋላዬ ቆሞ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ጣቱ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። መልእክቱ ስልኬ ላይ ደረሰ።

በጣቢያው ስሠራ አንዳንድ ሹፌር ከሰልፉ ለመቅደም እጄ ላይ ገንዘብ ይሸጉጥ ነበር። አልቀበልም ካልሽ ጠብ ነው። ስለዚህ እቀበልና ድምፅ ማጉያውን አነሳለሁ፤ “ወገኖቼ፣ የስድስት ቁጥር ሹፌር ለመቅደም ብሎ ገንዘብ ሰጥቶኛል፤ ስለዚህ መጨረሻ ይወጣል፤ በገንዘቡ ለተሰላፊው ውሃ ይገዛል” እላለሁ። ተሳፋሪው ያጨበጭባል፤ ሹፌሩ መሪው ሥር ይደበቃል። እጄ የለመደው ይህን ነው። ሌላ አሠራር አላውቅም።

ስለዚህ ጻፍኩ። “እኔ አባ ፊሽካ ካለፈው ወር ጀምሮ በኮይኑ ይከፈለኛል። ሌሎቹም ይከፈላቸዋል። ዋጋው ሲጨምር የእኔም ይጨምራል። ከእንግዲህ ስለ ኮይኑ የምናገረውን ይህን እያወቃችሁ ስሙ።” ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ ስንት ነው፣ መቼ ነው የሚሸጡት። እኔ ለአንድ ዓመት ተቆልፎብኛል አልኩ። “የባለቤቶቹስ?” አሉ። እሱን አላውቅም። እውቅና ያለውን የመሥሪያ ቤቱን አካውንት ጠየቅሁ። ያ አለቃሽ ኮፍያ አድርጎ የተነሣው ፎቶ የተለጠፈበት፤ እኛ ባለ ኮፍያው የምንለው።

ባለ ኮፍያው መለሰ። “አንደኛ፣ ፕሮጀክቱ ጤናማ ነው። ሁለተኛ፣ የመሥራቾቹ ድርሻ በወጣው መርሐ ግብር መሠረት ይለቀቃል። ሦስተኛ፣ ማኅበረሰባችን እንዲረጋጋ በትሕትና እንጠይቃለን።” መርሐ ግብሩ መቼ ነው ብል መልሶ ያንኑ ለጠፈ። ከኋላዬ ምላጩ ቆሟል፤ ደንበኛው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ እያነበበ ነው። እኔም ጻፍኩ፦ “ልጄ፣ አያት የለህም? ይህንኑ ለአያትህ ትነግረዋለህ?”

አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ከዚያም በላይ። ከዚያ መልስ መጣ፦ “አለኝ። አልነግረውም።”

አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ተሰረዘ። ነርሷ ግን ቀድማ ፎቶ አንሥታዋለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሰረዝ በፊት ያስቀመጠችው ነገር ነው። ፀጉር አስተካካዩ በበነጋው ገንዘቡን አወጣ፤ ትንሽ ጎድሎበታል፤ ብዙ አይደለም። ሌሎችም ወጡ። ባለ ኮፍያውን እንዲህ ያለ ሰው አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሰባተኛውን አንቀጽ ጥሻለሁ። ከአድሚንነት አንሥተውኛል። በአንቺ ላይ ምን እንዳስከተለ አልነገርሽኝም፤ ባለፈው እሑድም አልደወልሽም። እናትሽ ኔትወርክ ነው ብላለች። እኔም ኔትወርክ ነው አልኩ።

አያትሽ

የካቲት 2 ቀን

ለአያቴ፤

እንደምን አሉ? እማዬ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ።

ባለ ኮፍያው እኔ ነበርኩ። አካውንቱን በየፈረቃው የምንይዘው ሦስት ሰዎች ነን፤ አለቃዬ ፎቶው ብቻ ነው ያለበት። በዚያ ቀን ፈረቃው የእኔ ነበር። ከተከራየሁበት ሕንፃ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚለጠፍ መልስ በጽሑፍ ተሰጥቶናል፤ የለጠፍኩት እሱን ነው። ከዚያ የእርስዎ ጥያቄ መጣ። ማሽኑ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ይላል። ቁጥሩ እስኪያልቅ ስልኩን ይዤ ቆምኩ። በሩ ቀጭ ብሎ ሲከፈት መለስኩ። ልብሱን አውጥቼ ሳልጨርስ አለቃዬ ሰርዞት ነበር።

በማግሥቱ አሰናበቱኝ። የስንብት ደብዳቤው የተጻፈው ጥር 1 ቀን ነው። ስልሳው ቀን ከዚያ ይቆጠራል።

በኅዳር የጠየቁኝን አልመለስኩልዎትም ነበር። ከሰኔ ወር ጀምሮ እኔም የሚከፈለኝ በኮይን ነው፤ እንደ እርስዎ የተቆለፈ። የመሥራቾቹ ግን በመጋቢት ይከፈታል፤ ይህን የማውቀው መርሐ ግብሩን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። እስከ ኅዳር የላክሁላችሁ ገንዘብ የቁጠባዬ ነው። ቅዳሜና እሑድ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣጥፋለሁ፤ ለዚህ ነው ሰዓቱን ቀያይሬ የምደውለው።

አልተቆጣሁም። አያውቁም ነበር። አለቃዬን የጠየቁ መስሎዎት ነው።

ለእማዬ ለጊዜው ምንም አይበሏት። ከእንግዲህ በየወሩ ገንዘብ መላክ አልችልም።

ልጅዎ

የካቲት 18 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ሰላምታውን ከታች አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ይህን አንብቢና ደብዳቤውን ልትቀጥዪ ወይም ልትቀድጂው ትችያለሽ።

አውቅ ነበር።

ባለ ኮፍያው አንቺ እንደሆንሽ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ የመጀመሪያውን መልስ ሳነብ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ ነገር ትቆጥሪያለሽ። ብርጭቆ ሰብረሽ “አንደኛ እኔ አልነበርኩም፣ ሁለተኛ ድመቷ ነበረች፣ ሦስተኛ ብርጭቆው ድሮም የተሰነጠቀ ነው” ትይ ነበር። ድመት አልነበረንም። እናትሽ ስትቆጣ እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ እስቅ ነበር። ያን “አንደኛ” የሚል መልስ ሳይ ልቤ ዝቅ አለ። ወንበሩ ከዚያ በላይ ዝቅ ማለት ቢችል ኖሮ አብሬው በወረድኩ።

ማወቄን ሳልነግርሽ ስለ ባለ ኮፍያው እያደነቅሁ የጻፍኩልሽ ፈርቼ ነው። አንቺ ደግሞ “አያውቁም ነበር” ብለሽ ይቅር አልሽኝ። ሳላውቅ ያደረግሁት መስሎሽ ይቅር ስትዪኝ ዝም ብዬ ልቀበል ወስኜ ነበር፤ ሁለት ቀን ቆየሁበት፤ አልዋጥ አለኝ።

እንዲህ ነው ያሰብኩት። ሥራሽ በእኔ እጅ እንዳለ አውቃለሁ፤ የመኖሪያ ወረቀትሽም። ደብዳቤ ብጽፍልሽ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ፀጉር አስተካካዩ ነገ ጠዋት ነው ብሏል። ብደውልልሽ ደግሞ በስልኩ ትለማመጪኛለሽ፤ እኔም እሺ እላለሁ፤ ለአንቺ እምቢ ብዬ አላውቅም። ስለዚህ አንቺን እንደማላውቅሽ አድርጌ ጠየቅሁ። “ልጄ” ስል አንቺን ነበር። “አያትህ” ስልም ራሴን።

ፀጉር አስተካካዩን አስቀድሜ አንቺን ወደ ኋላ አደረግሁ። ከእሱና ከአንቺ ማን ይበልጥብኛል ብትዪኝ ጥያቄም አይደለም። ግን እሱ አያውቅም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። የማያውቀው ይቀድማል ብዬ ነው። ትክክል ሠርቻለሁ ብዬ አልምልልሽም። ውሸት መልሰሽልኝ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግም አላውቅም። ምናልባት ዝም እል ነበር።

ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳትን ገንዘብ አውጥቼ በነርሷ ልጅ በኩል ልኬልሻለሁ፤ ጉልበቴን ለማሳከም የታሰበች ነበረች። ጉልበቴን አማክሬዋለሁ፤ ድሮም ሐኪም ቤቱ ደረጃ አለበት ብሏል። ለጠበቃ ወይም ለመመለሻ ቲኬት አድርጊያት፤ የቱ እንደሆነ አልጠይቅሽም።

ፀጉር አስተካካዩ ምንም አያውቅም። ትናንት ሦስተኛውን ወንበር ሠሪ አምጥቶ አስጠገነልኝ። አሁን ከፍ ብዬ ስቀመጥ ፊቴን መስታወቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አየዋለሁ። ዝቅ ብል ይሻለኝ ነበር።

ሰላምታው ይኸውና፤ ሰላም ለአንቺ ይሁን፣ እኔን ብትቀየሚኝም ባትቀየሚኝም።

አያትሽ

መጋቢት 20 ቀን

ለአያቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ለመመለስ የዘገየሁት ፖስታ ቤቱ ሩቅ ሆኖ አይደለም። ደብዳቤዎን አንብቤ አልቀደድኩትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ልቀደው ብዬ ሁለት ጊዜ ከመሳቢያ አውጥቼዋለሁ።

የላኩልኝ ደርሷል። ለጠበቃ ሰጥቼዋለሁ። ሆቴሉ ሙሉ ቀን ሊቀጥረኝ ተስማምቷል፤ ማመልከቻዬ ገብቷል፤ መልሱ እስኪመጣ እዚሁ መቆየት እችላለሁ። ይፈቀዳል የሚል ማረጋገጫ የለኝም። የመሥራቾቹ ኮይን በቀኑ ተከፍቷል። የእኔ አሁን ዋጋው ምን እንደሆነ አልመለከትም፤ የእርስዎም አሥራ አንድ ነጥብ እንደዚያው ነው።

እርስዎ ማወቅዎ አስቆጥቶኛል። ባያውቁ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ብቻዬን ያደረግሁት ይመስለኝ ነበርና። ለአሥራ አምስት ቀን ያህል በእርስዎ ተቆጣሁ። ከዚያ አንሶላ ሳጣጥፍ፣ እርስዎ እኔን ከመጠየቅዎ በፊት ስንት ሰው ያንኑ ጥያቄ እንደጠየቀኝና ያንኑ መልስ እንደለጠፍኩለት ለመቁጠር ሞከርኩ። መቁጠሩን ተውኩት።

አንድ ያልነገርኩዎት አለ። ያሰናበቱኝ ቀን የአካውንቱን ቁልፍ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዳስረክብ ነበር የተነገረኝ። ደብዳቤውን የሰጡኝ በስምንት ሰዓት ነው። ያለፈው ወር ሂሳቤና የስንብት ክፍያዬ በእውነተኛ ገንዘብ እንዲሰጠኝ ተስማምተው ነበር፤ ዝም ብዬ ካስረከብኩ። ቢሮው ውስጥ የነበርነው እኔና የቡና ማሽኑን የሚጠግነው ሰውዬ ብቻ ነን። ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶኝ ብሎን ይፈታል።

የሌሎቹን አምስት ቋንቋዎች ግሩፖች በየተራ ከፈትኩ። እያንዳንዱ ውስጥ አድሚኖቹ እየተከፈላቸው እንደሆነ፣ የእነሱ ተቆልፎ የመሥራቾቹ መቼ እንደሚከፈት በየቋንቋቸው ጻፍኩ። አንደኛውን ቋንቋ በደንብ ስለማልችለው በመዝገበ ቃላት ነው የጻፍኩት። ሲጨርስ ሰውዬው ማሽኑን ሞክሮ “ይሠራል” አለኝ። በአሥር ሰዓት አስረከብኩ። ገንዘቡ ቀርቷል።

በአምስቱ ውስጥ አያት አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሳልጠየቅ ነው የነገርኳቸው።

የልጅ ልጅዎ